ደራሲ መዓዛ መንግሥቴና የቅድመ አያቷ ጠመንጃ
(ማሻ ላይ ለአባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እኛ የሂሳብ ክፍል ሠራተኞች እዚህ ስንቆም የቁጠባና የብድር ቁጥር ማንበባችንን ለምዳችሁታል። ዛሬ ግን ስለ አንዲት ደራሲ እንናገራለን። ነገሩ ከመዝገባችን ብዙም እንደማይርቅ መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

መዓዛ መንግሥቴ የተወለደችው አዲስ አበባ ነው። አብዮቱ ፈንድቶ ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ቤተሰቧ ከአገር ወጣ። በናይጄሪያና በኬንያ አልፋ አሜሪካ አደገች። ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ድርሰት ተምራ በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ፤ በአብዮቱ ጊዜ ስለኖረ የአንድ ሐኪም ቤተሰብ ይተርካል።

ሁለተኛው «ዘ ሻዶው ኪንግ» እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለዘመቱ ሴቶች ነው። ያ ጦርነት ለእኛ ለወሎ ሰዎች ሩቅ አይደለም፤ ደሴ በአውሮፕላን የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። መዓዛ ጣሊያን ድረስ ሄዳ መዛግብት አገላብጣለች፤ ወታደሮቹ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እየገዛች ሰብስባለች። ዓመታት የፈጀባትን የመጀመሪያ ረቂቅ ጥላ እንደገና ጽፋለች። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ከሆኑት 6 መጻሕፍት አንዱ ሆነ።

በመጽሐፉ ውስጥ ሂሩት የምትባል፣ ወላጆቿ የሞቱባት የቤት ሠራተኛ አለች። ከአባቷ የቀራት አንድ ውጅግራ ነው፤ እሱንም ጌታዋ ይወስድባታል።

መዓዛ የቅድመ አያቷን የወይዘሮ ጌጤን ታሪክ ከእናቷ የሰማችው ይህን መጽሐፍ እየጻፈች ሳለች ነው። ሰው አገር መዝገብ ቤት የምትፈልገው ታሪክ ከገዛ ቤቷ ነበር። አዋጁ ከየቤቱ የበኩር ወንድ ልጅ እንዲዘምት ያዝዛል። በእነሱ ቤት በኩሯ ጌጤ ናቸው፤ ወንድሞቻቸው ለጦርነት አልደረሱም። አባት ግን ጠመንጃውን ልጃቸውን ለዳሩለት ሰው ሰጡ። ጌጤ አባታቸውን ከሰሱ፤ ተፈረደላቸው። ጠመንጃቸውን ተቀብለው ዘመቱ።

እህቶቻችን፣ አሁን ወደ መዝገባችን እንመለስ። የብድር ውሉ ላይ የምትፈርመው እናት ናት፤ በየወሩ የምትከፍለውም እሷ ናት። በብድሩ የተገዛው በሬ ሲሸጥ ግን የሚያዝዝበት ማን ነው? በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል። ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ደብተሩ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ በሌላ እጅ ከሆነ፣ ስሟ መጻፉ ብቻውን አይጠቅማትም። ወይዘሮ ጌጤ ድርሻቸውን አወቁ፤ ከዚያም በሕግ ጠየቁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ የቁጠባ ደብተራችሁን ስታመጡ የተጻፈውን እንድናነብላችሁ ጠይቁን፤ ቤትም ስትገቡ ልጆቻችሁ ይድገሙላችሁ። ደጋፊዎቻችንም ራሳቸው እንዲያነቡት ማንበብና መጻፍ በማስተማር አግዙን። ሁለተኛ፣ አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው፤ ምን ነበራቸው? ማን ወሰደባቸው? እንዴት አስመለሱ? የሰማችሁትን ንገሩን፣ በስማቸው እንጽፈዋለን።

አብሽሩ፤ ፈጣሪ ማኅበራችንን ይባርክ።