ሳይሳቀቁ መውጣት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች እዚህ ፊታችሁ ስንቆም የምናወራው ስለ መዋጮ፣ ስለ ብድርና ስለ ቅጣት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዛሬም የምንጀምረው ከቅጣት ነው። ነገር ግን ዛሬ የምንነግራችሁ እኛው ያጠፋነውን ነው።

የዓመቱን መዝገብ ስንዘጋ አንዲት እናት ሰባት ወር በተከታታይ ከስብሰባ መቅረቷን አየን። ደንባችን ያለ ምክንያት የቀረች ትቀጣለች ይላል፤ እኛም በየወሩ ቅጣቷን ስንጽፍ ቆይተናል። መዋጮዋን ግን አንድም ወር አላጓደለችም። በልጇ እጅ ትልካለች፤ ቅጣቱንም ጨምራ ትልካለች። ደረሰኙም ገቢውም ይገጥማል። ለኦዲተር ብናሳየው ጉድለት አያገኝበትም። ለምን ትቀራለች ብለን ግን አንድ ቀን አልጠየቅንም።

ቤቷ ሄደን ቡና ላይ ተቀምጠን ነው የሰማነው። ከመጨረሻ ልጇ ወዲህ ሽንት ያመልጣታል። ዕድሜዋ ሲገፋ ባሰባት። በጨርቅ ትይዘው ነበር። አንድ ቀን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ለመነሣት ስትል ጨርቁ ተንሸራተተ። “አግዳሚውን በነጠላዬ ጠርጌ ወጣሁ፤ ማንም አላየኝም መሰለኝ። ግን እኔ አየሁት” አለችን። ከዚያ ወዲህ ስብሰባም፣ ለቅሶም፣ ማኅበርም ቀረ። እኛ ደግሞ ጨርቋ ስለተንሸራተተ ቀጣናት።

ስሟን ሳንጠራ እንድናወራው ፈቅዳልናለች። ሌሎችም እንዳሉ ስለገመትን በየቡድኑ ጠየቅን። “ሽንት የሚያመልጣት ማን ናት?” አላልንም፤ እንደዚያ ቢጠየቅ ማንም አይመልስም። “እቤቷ ለእናቷ፣ ለአማቷ ወይም ለታመመ ሰው ጨርቅ የምታጥብ አለች ወይ?” ነበር ያልነው። ያን ጊዜ ወሬው ተከፈተ። አንዷ ስለ አማቷ ጀምራ ስለ ራሷ ጨረሰች።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ከነርሶች የጠየቅነውን፣ ከሚያስታምሙ አባሎቻችን የተማርነውንና ራሳችን የሞከርነውን ነው የምናካፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንበል። ጨርቅም ሆነ ፓድ ይይዛል እንጂ አያድንም። ሽንት የሚያመልጠው በብዙ ምክንያት ነው፤ በወሊድ የላላ ጡንቻ፣ የማህፀን መውረድ፣ የስኳር ሕመም፣ ስትሮክ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ብዙው ሕክምና አለው። በተለይ ከረጅም ምጥ በኋላ ሌት ተቀን ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። የሕፃኑ ጭንቅላት ለረጅም ሰዓት ተጭኖ ሲቆይ ደም ያጣው አካል ይሞትና ቀዳዳ ይፈጠራል። እርግማን አይደለም፤ በወቅቱ እርዳታ ያላገኘ ምጥ ጉዳት ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ሆስፒታሉ ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያውን ማዕከል የከፈተው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005። ሕክምናው በነጻ ነው። ለሌላው ዓይነት ችግር ደግሞ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉን። ድንገት የጀመራት፣ ደም ያየች፣ ትኩሳት ወይም ሕመም ያለባት፣ ቆዳዋ የቆሰለ እህት ካለች ይህን ጽሑፍ አንብባ ቤቷ አትቀመጥ፤ ትታይ።

ሆኖም ቀዳዳው ተሰፍቶ ከዳነ በኋላም ሽንት ሙሉ በሙሉ የማይያዝላቸው ሴቶች አሉ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ አልጋ የያዙም አሉ። ተራ የሚጠብቁም አሉ። ዛሬ የምናወራው ስለ እነዚህ ቀናት ነው። ከአባሎቻችን የሰማነውን ብናጠቃልለው ሦስት ችግር ነው፤ ይንሸራተታል፣ ያፈሳል፣ ያቃጥላል።

መጀመሪያ ስለ መንሸራተት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጨርቁ ወይም የፓዱ ሳይሆን የፓንቱ ነው። ላስቲኩ በላላ ፓንት ውስጥ የተቀመጠ ጨርቅ ስንቀመጥና ስንነሣ ቦታውን ይለቃል። ስለዚህ ትንሽ ገንዘብ ካለን ቅድሚያ ለፓንቱ እናውጣ። ከጥጥ የተሠራ፣ ወገብና ጭን ላይ የሚገጥም ይሁን። ጣት በላስቲኩ ስር ያለ ትግል ከገባ ልኩ ነው፤ ማታ ሲወልቅ ሰንበር ካወጣ ጠብቋል።

ጨርቁን ከመቀነት ጋር በመርፌ ቁልፍ የምናያይዝም አለን። መርፌ ቁልፍ ሳናውቅ ይከፈታል። በስኳር ወይም በስትሮክ ምክንያት ስሜቷ ለደነዘዘ እናት ደግሞ ቢወጋትም ላይሰማት ይችላል። በእሱ ፋንታ በጨርቁ ጎን ሁለት ክንፍ ሰፍተን በፓንቱ ስር የሚገናኝ ቁልፍ ብናደርግለት ወዴትም አይሄድም። ይህን ሐሳብ እኛ አልፈጠርነውም። መቀሌ ላይ ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ እየታጠበ የሚደጋገም የወር አበባ ፓድ ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸልሟቸዋል። የእሳቸው ፓድ ለወር አበባ ነው። እኛ የምንወስደው አያያዙን ነው፤ ለሽንት ግን ወፈር ማለት አለበት።

ሁለተኛ ስለ ማፍሰስ። የወር አበባ ፓድን ለሽንት የምንጠቀም ብዙ ነን። ደም በዝግታ ይወርዳል፤ ሽንት ግን በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ፓዱ ሳይመጠው በጎን ያልፋል። ለሽንት ተብሎ የተሠራ ካገኘን እሱ ይሻላል።

በአራት ማጣበቂያ የሚታሰረውን የአዋቂ ዳይፐር ስንገዛ ወገብና ዳሌን በሜትር ለክተን በሰፋው ልክ እንምረጥ። ትልቅ ቁጥር ማለት ብዙ ይይዛል ማለት አይደለም። የሰፋ ዳይፐር በጭን በኩል ክፍተት ይተውና እዚያው ያፈሳል። ከማልበሳችን በፊት በርዝመቱ አጥፈን እንደ ታንኳ እናጎድጉደው፤ ውስጡ ግራና ቀኝ ያሉት ቀጫጭን ከለላዎች ይቁሙ። ከፊት ወደ ኋላ እናሳልፈው። ቀድመን የታችኞቹን ሁለት ማጣበቂያዎች ትንሽ ወደ ላይ አዘንብለን እናጣብቅ፤ ከዚያ የላይኞቹን ወደ ታች አዘንብለን። በመጨረሻ ጣታችንን በጭን ዙሪያ አዙረን ወደ ውስጥ የታጠፈውን ጠርዝ እናውጣ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር የአልጋ ልብስ ከማጠብ ታድናለች።

ሌሊት ይበቃል ብለን ሁለት ዳይፐር የምንደርብም ነበርን። የመጀመሪያው ጀርባው ፕላስቲክ ስለሆነ ወደ ሁለተኛው አያሳልፍም። ወጪው እጥፍ ይሆናል፤ ትርፉ ሙቀት ብቻ ነው።

ሦስተኛ ስለ ማቃጠል። እንዳያሳፍረን ብለን ጨርቁን በፌስታል የምንጠቀልል አለን። ፌስታል ቆዳ ከነካ ላብ ያፍናል፤ በሚያዝያና በግንቦት የባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ ቆዳ ይልጣል። ውኃ የማያሳልፍ ነገር የግድ ካስፈለገ በውጭ በኩል፣ ለመንገድ ያህል ብቻ ይሁን። ቤት ስንገባ እናውልቀው።

ስንቀይር በለብታ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ታጥበን፣ ሳንፈትግ ጫን ጫን አድርገን እናድርቅ። ቫዝሊን በስሱ እንቀባ፤ ሲበዛ ዳይፐሩን ይደፍነውና ሽንት አይመጥም። ጨርቁ በበረኪና ከታጠበ እስኪለቅ ይለቅለቅ። ማድረቁ ላይ ደግሞ ሁላችንም ተሳስተናል። ጎረቤት እንዳያይ ብለን ከአልጋ ስር ወይም ከሌላ ልብስ ስር እናሰጣለን፤ ጨርቁ እርጥበት እንደያዘ ይመለሳል፤ ቆዳችን ይታመማል። ጸሐይ በነጻ ነው። ጸሐይ ላይ እናስጣው።

ውኃ መጠጣት መተውም አያዋጣም። ውኃ ስንቀንስ ሽንቱ ይወፍርና ጠረኑም ማቃጠሉም ይብሳል። ከመውጣታችን በፊት የሦስተኛውን ቡና ብንተው ይሻላል፤ ቡና ለአንዳንዶቻችን ያስቸኩላል።

በወሊድ ለላላ ጡንቻ ነርሶቹ የነገሩን እንቅስቃሴ አለ። ሽንትና አየር እንዳይወጣ እንደምንከለክል አድርገን ሳብ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። በአንድ ጊዜ 8፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር። እንጀራ እየጋገሩም፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦም ይሠራል። ቀዶ ጥገና ያደረገች እህት ግን መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ።

አሁን ወደ ሙያችን እንመለስ። በቀን 4 ጊዜ የምትቀይር እናት በወር 120 ዳይፐር ያስፈልጋታል። የአንዱን ዋጋ በሰፈራችሁ ፋርማሲ ጠይቁና በ120 አባዙት። ከብዙዎቻችን የወር ገቢ ጋር ስታስተያዩት ለምን አንዱን ዳይፐር ቀኑን ሙሉ እንደምንለብሰው ይገባችኋል። ነገር ግን ቀን ቤት ውስጥ ሦስቴ በጨርቅ፣ አንዱን ዳይፐር ለሌሊት ወይም ለመንገድ ብናደርገው ወርሐዊው ቁጥር 30 ይሆናል። ወጪው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሳሙናና ውኃ ይጨመርበታል። ከ120 ጋር ታግሎ በሁለተኛው ሳምንት ከማቆም በ30 ዓመቱን መዝለቅ ይሻላል።

የተጠቀምንበትንም የትም አንጣል። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ይሞላዋል። ወደ ጣናማ በጭራሽ፤ ሐይቃችን እምቦጩ ይበቃዋል። ጠቅልለን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች እንስጥ።

ደጋፊዎቻችን፣ አንድ ቃል ለእናንተ። የላካችሁልንን ካርቶን ሁሉ በምስጋና ተቀብለናል። ከመላካችሁ በፊት ግን ልክ ጠይቁን። ሰፊው ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የሚመጣው ለቀጫጭን እናቶቻችን ከወገባቸው ይወርዳል። የጥጥ ፓንት፣ ላስቲክ፣ አቡጀዲና የልብስ ስፌት መኪና ብትሰጡን ሴቶቻችን ራሳቸው ይሰፉታል። አንዱ ሲያረጅም ሌላ ይሰፋሉ።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በጤና ምክንያት ለቀረች እህት ቅጣት ይነሣ፤ ምክንያቷንም ለሁሉ ፊት እንድትናገር አትገደድ። ለቡድን መሪዋ “አልተመቸኝም” ካለች ይበቃል። ሁለተኛ፣ በስብሰባ ቀን የሽንት ቤቱ ቁልፍ በሩ ላይ ይሁን፤ ውኃና ሳሙናም ይኑር። ቁልፉን ከሊቀመንበር መጠየቅ ራሱ ያሳቅቃል። ሦስተኛ፣ ከማኅበራዊ ፈንዱ ላይ ለጨርቅና ለፓንት ማሰፊያ ትንሽ ድርሻ ይመደብ፤ መዝገቡን እኛ እንይዛለን፤ ስም ሳይሆን ቁጥር እንጽፋለን።

የዚያችን እናት የሰባት ወር ቅጣት ተመላሽ አድርገናል። ይህን ያደረግነው በገዛ ሥልጣናችን ነው፤ ጉባኤው ቢወቅሰንም እንቀበላለን። ገንዘቡን ተቀብላ ላስቲክና አቡጀዲ ገዛችበት። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ወደ ዘጌ፣ ኡራ ስንሄድ በጀልባው አብራን ነበረች። ሐይቁ ላይ ብዙ ይቆያል፤ ጀልባውም ሽንት ቤት የለውም። መሃል ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስንደርስ ከሁላችን ቀድማ ተነሣች፤ ወደ ኋላዋም አልዞረችም።

ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች። የትኛዋ እንደሆነች አንነግራችሁም።