ለዕፅ ሕግ ማሻሻያ እኛስ ለምን አናዋጣም?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በየማኅበራችን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ካልሆነ በቀር የማይወራ ነው፤ የዕፅ ጉዳይ። ልጁ ማሪዋና ይዞ የታሰረበት አባት ለዕድሩ ሰው አይናገርም። ጫት በፖስታ መጥቶለት የተከሰሰውም ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደው ብቻውን ነው። ስለ ዕፅ ደግነት ልሰብክ አልመጣሁም፤ ሱስ ስንት የሞቀ ቤት እንዳፈረሰ እናንተም እኔም እናውቃለን። የመጣሁት ስለ ሕጉ ልነግራችሁና፣ ሳልሸፋፍን ልናገረው፣ ሕጉ እንዲሻሻል ገንዘብ እንድታዋጡ ልጠይቃችሁ ነው።

አሜሪካ ካላችሁት ልጀምር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዕፅ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ሕጉ የተወው ቀዳዳ አንድ ነው፤ ለራሱ መጠቀሚያ 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ማሪዋና ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ የተፈረደበት ሰው። ልብ በሉ፣ የተባለው ማሪዋና ነው። ጫት እዚያ ውስጥ የለም። እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራሉ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው መደብ ነው የተቀመጠው። እኛ በርጫ የምንለው ቅጠል በዚያ አገር ዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚታየው እንዲህ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። ሰውየው ትንሽ ነገር ይዞ ይያዛል። «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ የሱስ ትምህርቱን ጨርስ፣ ክሱ ይዘጋልሃል» ይባላል። ይጨርሳል፤ ክሱም ይዘጋል። ቤተሰቡ እፎይ ይላል። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ቅጣት ወይም ግዴታ የተጣለበትን ሰው፣ ክሱ ኋላ ቢዘጋለትም እንኳ፣ እንደተፈረደበት ይቆጥረዋል። እናም ከዓመታት በኋላ እናቱን ቀብሮ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ሊያዝ ይችላል። የተዘጋ ክስ ነበር እኮ!

ካሊፎርኒያ ይህን ወጥመድ አስተካክላለች። ኤቢ 208 የተባለው ሕግ በፈረንጆች 2017 ጸድቆ ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ ሰው ጥፋተኛ ነኝ ሳይል ወደ ትምህርቱ እንዲገባ ፈቀደ። የቃላት ለውጥ ይመስላል፤ ለስደተኛ ግን የመባረርና ያለመባረር ልዩነት ነው። ይህ ለውጥ ከሰማይ አልወረደም። ገዥው ጄሪ ብራውን በ2015 ተመሳሳይ ዓላማ የነበረውን ረቂቅ ሳይፈርሙ መልሰውታል። የስደተኛ መብትና የዕፅ ሕግ ማሻሻያ ድርጅቶች ግን አልተበተኑም፤ ሁለት ዓመት ቆይተው ሌላ ረቂቅ ይዘው ተመለሱ። ሁለት ዓመት ሳይበተኑ መቆየት የቢሮ ኪራይ ነው፣ የጠበቃ ደመወዝ ነው፣ የአውቶቡስ ገንዘብ ነው። መዋጮ የምለው ይህንን ነው።

የእኛ ሰው እንደ ልብ በሚገኝባት በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነበር። የሲቪል መብት ድርጅቱ ኤሲኤልዩ በ2013 ባወጣው ጥናት በአገሪቱ ጥቁሮች በማሪዋና የሚታሰሩት ከነጮች ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ በዲሲ ስምንት እጥፍ ያህል። በ2014 ኢኒሺዬቲቭ 71 ለሕዝበ ውሳኔ እንዲቀርብ ከ22 ሺህ በላይ ሕጋዊ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ዘመቻው ወደ 57 ሺህ ሰብስቦ አስገባ። ለምን ይህን ያህል? አድራሻው የተሳሳተ፣ መራጭ ሆኖ ያልተመዘገበ ሰው ፊርማ ስለሚሰረዝ። ወረቀት ይዞ በየባቡር ጣቢያው የቆመ ሰው ያውቀዋል። ትልልቅ ለጋሾች አልነበሩም ማለቴ አይደለም፤ ነበሩ። ሆኖም ቆሞ የሚያስፈርም ሰው ባይኖር ኅዳር ላይ በሰፊ ልዩነት ባላለፈ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ጣልቃ ላስገባ። «ዲሲ ተፈቅዷል» የሚለው ወሬ ስንቱን ጉድ አድርጎታል። የፌዴራሉ ክልከላ በቦታው አለ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም በ2019 እንዳስታወቀው ማሪዋና በተፈቀደበት ክፍለ ግዛት መጠቀም ወይም እዚያ ንግድ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል።

የገንዘብ ብቻ ሥራ ምን እንደሚሆን ኦሪገን አሳይታናለች። በ2020 ሜዠር 110 ትንሽ ዕፅ መያዝን ከወንጀልነት አወጣ፤ ለዘመቻው የወጣው አብዛኛው ገንዘብ የመጣው ከትልልቅ ለጋሾች ነበር። ሕክምናው ግን በጊዜው አልተደራጀም፤ ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ያየው ነዋሪ ተማረረ። በ2024 ምክር ቤቱ መልሶ ወንጀል አደረገው። የሩቅ ሰው ቼክ ድምፅ ያሸንፋል፤ ሕጉ ሲጠቃ ወጥቶ የሚከላከል ጎረቤት ግን አይሆንም። እኛ በወር አሥር ዶላር ስንሰጥ፣ ሕክምናው የት ደረሰ ብለን የመጠየቅ ሥልጣንም እየገዛን ነው።

አሁን ወደ ኪሳችን። ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጣችሁት ከግብር ሊቀነስላችሁ ይችላል፤ ለምርጫ ዘመቻ የሰጣችሁት ግን አይቀነስም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለምርጫ ዘመቻ መስጠት ይችላል። ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠብቅ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ወገኔ ግን ወደዚያ አይሂድ፤ ለበጎ አድራጎቱ ይስጥ። ሌላው የእኛ ልማድ ነው። እንደ ለቅሶ ገንዘብ ከአሥር ሰው ጥሬ ብር ሰብስቦ በአንድ ሰው ስም መስጠት በምርጫ ዘመቻ ላይ ሕግ መጣስ ነው። እያንዳንዱ በስሙ ይስጥ፣ ደረሰኙንም ይያዝ። ደግሞም ዜጋ ሳትሆኑ፣ ፊርማ አሰባሳቢው «እዚሁ ላስመዝግባችሁ» ቢላችሁ፣ ጠበቃ ሳትጠይቁ ለመራጭነት አትመዝገቡ።

ከመስጠታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «የምትገፉት ሕግ ሰውን ጥፋተኛ ነኝ ያሰኛል ወይስ አያሰኝም?» ቶሎ መመለስ ያቃተው ድርጅት ስደተኛን ገና አላሰበም ማለት ነው፤ ገንዘባችሁን ለሌላ አቆዩት። ከዕድራችሁ ሁለት ሰው መርጣችሁ ይህን እንዲያጣሩ አድርጉ። ሂሳብ ከሚይዙት ይሁኑ፣ ጥያቄ አይሰለቻቸውም።