ከዋርሶ አራት ዓመት በፊት



ተመራቂዎች፣ ስለ አንድ ክሮኤሺያዊ ፒያኒስት ላወራችሁ ነው የመጣሁት፤ ስለ ኢቮ ፖጎሬሊች። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ብሳሳት መምህሮቻችሁ ያርሙኛል።

ስሙን የሰማችሁ ካላችሁ የሰማችሁት በመውደቁ ይሆናል። ዋርሶ ውስጥ በየአምስት ዓመቱ በሾፐን ስም ትልቅ የፒያኖ ውድድር ይካሄዳል። በ1980 ፖጎሬሊች 22 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው እዚያ ቀረበ። ሾፐንን ማንም ባልለመደው መንገድ ተጫወተው። ከዳኞቹ አንዳንዶቹ በአድናቆት ተሞሉ፣ ሌሎቹ ተቆጡ፤ እሱም ሦስተኛው ዙር ላይ ወደቀ። ያንኑ ውድድር በ1965 ያሸነፈችው አርጀንቲናዊቷ ማርታ አርገሪች ከዳኞቹ አንዷ ነበረች። ይህ ልጅ ሊቅ ነው ብላ ወንበሯን ትታ ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት ኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ተጫወተ፤ ዶይቸ ግራሞፎንም ሸክላውን ያሳትምለት ጀመር።

እኔ በዚያ ዳኝነት ብቀመጥ ምን ነጥብ እሰጠው እንደነበር እንጃ! ደግሞም የወደቀውን እያነሱ ያሸነፈውን መርሳት ግፍ ነው። አሸናፊው ቬትናማዊው ዳንግ ታይ ሶን ነበር፤ የፖጎሬሊች እኩያ፣ እንደ እሱ የሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ተማሪ። ልጅ ሳለ በጦርነቱ ምክንያት ከሃኖይ ወደ ገጠር ሸሽቶ እዚያ ነው የተለማመደው። ያን ውድድር በማሸነፍ ከእስያ የመጀመሪያው ሆነ።

እኔ ግን ላነሳላችሁ የፈለግሁት የዋርሶን ግርግር አይደለም። ነገሩ የተጀመረው ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ፖጎሬሊች በ1958 ቤልግሬድ ተወለደ፤ አባቱ ክሮኤሺያዊ፣ እናቱ ሰርብ ናቸው። በሰባት ዓመቱ ፒያኖ ጀመረ፤ በ12 ዓመቱ ብቻውን ሞስኮ ለትምህርት ተላከ። በ1976፣ ገና 18 ሳይሞላው፣ ስድስት ዓመት ያህል የሞስኮን ትምህርት ጠጥቷል። ጎበዝ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ ሌላውም ያውቃል። አንድ ግብዣ ላይ ፒያኖ ሲነካካ አሊዛ ኬዘራድዜ የምትባል ጆርጂያዊት መምህርት አየችውና ስለ እጁ አያያዝ እርማት ሰጠችው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር፤ በግብዣ መሃል ማን እርማት ይወዳል? እሱ ግን አስተምሪኝ አላት።

ይህን ቀላል አታድርጉት። አሥር ዓመት የለመደን እጅ እንደ አዲስ ማስተማር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ። የቆሎ ተማሪ አንዱን መምህር ጨርሶ አኮፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላው ሲነሳ፣ ከነእውቀቱ ጀማሪ ለመሆን ተስማምቶ ነው። ፖጎሬሊችም እንዲያ አደረገ። በ1978 ጣሊያን ቴርኒ ላይ፣ በ1980 ሞንትሪያል ላይ አንደኛ የወጣው ከአሊዛ ጋር ከሠራ በኋላ ነው። በ21 ዓመት ትበልጠው ነበር፤ በ1980 ተጋቡ። ለአሥራ ስድስት ዓመት ሚስቱም መምህሩም ሆና ኖረች።

መካከሉን ቶሎ ልለፈው። በ1988 የዩኔስኮ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነ። በቦስኒያ ጦርነት ጊዜ ለሳራዬቮ ሰዎች ሕክምና ገንዘብ የሚያሰባስብ ድርጅት አቋቋመ። የአባቱና የእናቱ ወገኖች ሲዋጉ የኖረ ሰው መሆኑን አትርሱ።

በ1996 አሊዛ በካንሰር ሞተች። ከመድረክ ራቀ። ሲመለስ አጨዋወቱ ሌላ ሆኖ ነበር፤ አንዳንዱን ሥራ እጅግ አዝግሞ፣ ሰው ከለመደው ፍጥነት በብዙ ርቆ ይጫወተው ጀመር። ተቺዎች ክፉኛ ነቀፉት፤ እኔም አንዳንዱን ሰምቼ ግራ ተጋብቻለሁ፣ አልዋሻችሁም። ከ20 ዓመት በላይ አዲስ ሸክላ ሳያወጣ ቆይቶ በ2019 የቤትሆቨንንና የራህማኒኖቭን ሶናታዎች ይዞ ብቅ አለ። እርማት የምትሰጠው ሰው ከሌለች በኋላ ምን እንደሆነ ከጆሯችሁ በቀር ማንም አይነግራችሁም፤ ቀድሞ የተጫወተውንና አሁን የሚጫወተውን አስተያይታችሁ ስሙ።

እርማት የሚሰጥ ሰው እንዲህ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ አንድ ልመና ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር አለኝ። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ቤታቸው ፒያኖ የለም። ዲፕሎማውን ዛሬ ትሰጧቸዋላችሁ፤ የልምምድ ክፍሎቹን በር ግን ከነገ ጀምሮ አትዝጉባቸው። መምህራንም፣ ተመራቂ ሲያንኳኳ ተመርቀህ የለም እንዴ አትበሉት፤ አስገብታችሁ እጁን እዩለት።

ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ።