ስለ ሕፃናት ጉበትና ስለ አንጎላቸው ዕድገት
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሐረር ጉበት ሲባል ሁላችንም የምናስበው ጫትን ነው። በከተማችን ሆስፒታሎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። እሱ የእኛ የትልልቆቹ ጣጣ ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን ጫት ስለማያውቀው ሕፃን ነው።

አራስ ልጅ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው፣ ፀሐይ አሙቁት» እንላለን። ብዙውን ጊዜም በአንድ በሁለት ሳምንት ይለቀዋል። ሁለት ሳምንት አልፎ ካልለቀቀው ግን ጨርቁን ማየት ነው። ዓይነ ምድሩ እንደ ኖራ ከነጣ፣ ሽንቱም ጨርቁን ካቀለመ፣ የሐሞት መውረጃው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። መውጫ ያጣ ሐሞት ጉበቱን ያበላሸዋል። ቅጠል ቀቅሎ ማጠጣት ደግሞ በታመመ ጉበት ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ነው።

እንዲህ ያለው ልጅ ይጠባል፣ ሆዱም ይነፋል፤ ለሚያየው የጠገበ ይመስላል። ነገር ግን ቅባት ያለ ሐሞት አይፈጭም። አንጎል ደግሞ ከውሃው ሌላ በአብዛኛው ቅባት ነው፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስም የአዋቂውን ሦስት አራተኛ ያህል ያድጋል። በዚያ ጊዜ የጎደለው በኋላ ቶሎ አይሞላም። ቪታሚን ኬ ስለሚያጥረው በአንጎሉ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ጉበቱ እየደከመ ሲሄድም አሞኒያ የሚባለው መርዝ ሳይጣራ በደም ወደ አንጎል ይደርሳል። ልጁ ዘግይቶ ይቀመጣል፣ ዘግይቶ አፉን ይፈታል። እኛ ጎረቤቶቹ ደግሞ «ዓይን በልቶት ነው» እንላለን!

ካሳይ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አንጀትን ከጉበት ጋር የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና አውጥቷል። ሁልጊዜ አይሰምርም፤ የተሻለ የሚሠራው ግን ልጁ ሁለት ወር ሳይሞላው ነው። እንግዲህ ቁጠሩት። እኛ ዘንድ አራስ አርባ ቀን፣ ሴት ከወለደች ሰማንያ ቀን ከቤት አትወጣም። ክርስትናው እስኪደርስ ስንጠብቅ ቀኑ ያልፋል።

አራስ ሊጠይቁ ገንፎ ይዘው የሚገቡ እናቶቻችን፣ የአፎቻ ሴቶችም፣ «ጨርቁን እስቲ አሳዪኝ» ቢሉ ነውር የለውም። የነጣ ካዩ አርባውን ሳይጠብቁ ወደ ሕይወት ፋና ይዘዋት ይሂዱ።

ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ቢላክ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዕድራችን ደንብ ገንዘብ የሚያወጣው ለቀብር ብቻ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሕፃን የመኪናው ሒሳብ ከሣጥኑ በብድር እንዲሰጥ፣ ወላጆቹም ከወርሐዊ መዋጮአቸው ጋር ቀስ እያሉ እንዲመልሱ፣ ጉዳዩ ዛሬውኑ ለድምፅ እንዲቀርብልን እንጠይቃለን።