ከስክሪኑ በፊት ክንፉን እንክፈት

ሦስት አራት ሆናችሁ፣ ገንዘብ አዋጥታችሁ አንድ የድሮ ሴስና ወይም ፓይፐር አውሮፕላን ለመግዛት የምትመካከሩ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ገዝታችሁ የጨረሳችሁም አላችሁ። የማወራው ለሁለታችሁም ነው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚህ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።

ከአገር ቤት፣ ከአየር መንገድ ጥገና ወደዚህ የመጣን ሰዎች አንድ ልማድ ይዘን መጥተናል። እዚያ ምን መቼ እንደሚፈተሽ የሚያቅድ ክፍል አለ፣ መዝገብ የሚይዝ ክፍል አለ፣ የተሠራውን የሚቆጣጠር ሌላ ክፍል አለ። መካኒኩ የሥራ ካርዱን ተቀብሎ ይሠራል። በግል አውሮፕላን ላይ ግን ያ ሁሉ ክፍል አንድ ሰው ነው፤ ባለቤቱ። የዚህ አገር የበረራ ደንብ፣ ክፍል 91፣ አውሮፕላኑን ለበረራ ብቁ አድርጎ የመያዝን ዋና ኃላፊነት የሚጥለው በባለቤቱ ወይም በሚያንቀሳቅሰው ሰው ላይ ነው። «መካኒኬ ፈርሞልኛል» ማለት አያድንም። መካኒኩ የፈረመው በዚያ ቀን ስላየው ነገር ነው፤ የቀሩት 364 ቀናት የእናንተ ናቸው።

ሴስና 172 ገበያ ላይ የወጣው በ1956 ነው፤ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል። ከ1986 እስከ 1996 ምርቱ ተቋርጦ ስለነበር በእኛ አቅም የሚገኘው አብዛኛው አርባ ዓመት ያለፈው ነው። ሄዳችሁ ስታዩት ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሷል፣ ከፊት ትልቅ ስክሪን ተተክሎበታል። ውስጡን ለቄስ። ሻጩም ገዢ በዓይኑ እንደሚገዛ ያውቃል።

ደግሞ ብረት በዕድሜው ብቻ አያረጅም። ኤፕሪል 4 ቀን 2018 ፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች አንድ የማሠልጠኛ ፓይፐር አሮው በአብራሪነት ፈተና ላይ ሳለ ማኮብኮቢያውን ነክቶ ዳግም ሲነሳ ግራ ክንፉ ተገንጥሎ ተፈታኙም ፈታኙም ሞቱ። አውሮፕላኑ የተሠራው በ2007 ነበር፤ ግን ከ7,600 ሰዓት በላይ በርሯል፣ ያውም ዝቅ ብሎ በመብረርና ደጋግሞ በማረፍ። ስንጥቁ የነበረው ክንፉን በሚሸከመው ስፓር ላይ፣ ቡሎን በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ነው። ቡሎኑ ካልወጣ በባትሪ ብትሉ፣ በመስተዋት ብትሉ አይታይም። በ2021 ሥራ ላይ የዋለው ኤ.ዲ.፣ ማለትም አስገዳጁ መመሪያ፣ የሥራ ጫናቸው በስሌት ከተቀመጠው ሰዓት ያለፈ ፓይፐሮች ቡሎናቸው ወጥቶ ቀዳዳው ኤዲ ከረንት በተባለ የኤሌክትሪክ ዘዴ እንዲመረመር አዟል። ስለዚህ «ስንት ዓመቱ ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ማሠልጠኛ ቤት ኖሯል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከሎግቡኩ አውጡት። ሎግቡኩ ጠፍቷል ከተባላችሁ ሌላ አውሮፕላን ፈልጉ።

በተቃራኒው ሰዓቱ ዝቅተኛ ነው ተብሎ በውድ የሚሸጥም አለ። እኔ ይህኛውን የበለጠ እጠረጥራለሁ። በላይኮሚንግ ሞተር ካምሻፍቱ የተቀመጠው ከላይ ነው። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወራት ከቆየ ካምሻፍቱ ራቁቱን ቀርቶ ዝገት ይጀምረዋል። «አልፎ አልፎ አስነስቼ አሞቀዋለሁ» የሚሉ ሰዎች ደግሞ ነገሩን ያባብሱታል፤ መሬት ላይ ለጥቂት ደቂቃ የሠራ ሞተር ዘይቱ ውስጥ የገባውን ውሃ አትንኖ የሚያወጣ ሙቀት አያገኝም። ወይ አብርሩት፣ ወይ በማቆያ ዘይት በደንቡ አሽጋችሁ አስቀምጡት።

ዘይቱን በየ50 ሰዓቱ ወይም በየአራት ወሩ፣ በቀደመው፣ ቀይሩ፤ ይህ ፊልትሮ ላለው ሞተር የላይኮሚንግ ምክር ነው። የአብራሪነት ፈቃድ ያለው ባለቤት ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ ጎማ መለወጥ ራሱ ይችላል፤ ሎግቡክ ላይ ጽፎ እስከፈረመ ድረስ። የወጣውን ፊልትሮ ግን እንዳትጥሉት። በመቁረጫ ክፈቱትና የተጣጠፈውን ወረቀት አውጡ፤ ዘይቱን ጨምቃችሁ ፀሐይ ላይ ዘርጉት። የሚያብለጨልጭ ነገር ካያችሁ ማግኔት አስጠጉ። ማግኔቱ ከሳበው ብረት ነውና ምናልባት ከካምሻፍቱ እየተላጠ ሊሆን ይችላል፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ለመካኒካችሁ አሳዩት። ብናኝ የሚያክል አንድ ሁለት ፍንጣሪ አያስደነግጥም፤ ካለፈው ጊዜ ከበዛ ግን አትብረሩ።

ይህን ስል ሁሉን ነገር ፈታትታችሁ ግጠሙ ማለቴ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዲንግተን የተባለ ብሪታኒያዊ ሳይንቲስት የባሕር ሰርጓጅ የሚያድኑ አውሮፕላኖችን መዝገብ ሲያገላብጥ፣ ብልሽት የሚበዛው በየ50 ሰዓቱ ከሚደረገው ምርመራ ማግስት ሆኖ አገኘው። ደህናውን መነካካት ራሱ ያበላሻል። ስለዚህ ከዓመታዊ ምርመራ በወጣ አውሮፕላን ልጆቻችሁን ጭናችሁ አትሂዱ፤ በመጀመሪያ ብቻችሁን፣ በጠራ ቀን፣ ከማኮብኮቢያው ሳትርቁ ዙሩበት።

ወደምትወዱት ወደ ማሻሻያው ልምጣ። ስክሪን አልጠላም። የድሮውን ጋይሮ በኤሌክትሮኒክስ መተካትን እደግፋለሁ፤ ደረቅ ቫኪዩም ፓምፕ ሲሰበር አያስጠነቅቅምና። ነገር ግን ዕቃው ለዚያ ሞዴል የተሰጠ ኤስ.ቲ.ሲ.፣ ማለትም የማሻሻያ ፈቃድ፣ ይኑረው፣ ከባድ ለውጥ ከሆነ ፎርም 337 ይሞላ፣ የክብደትና የሚዛን ወረቀቱም ይታደስ። ቀለም እንኳ ቀላል ነገር አይደለም። ኤሌሮን ላይ በአሮጌው ቀለም አዲስ ከደረባችሁበት ከማጠፊያው በስተኋላ ያለው ይከብዳል፤ ሚዛኑ ካልተስተካከለ በፍጥነት ላይ መርገፍገፍ ይጀምርና ክንፍ እስከ መስበር ይደርሳል።

የመጀመሪያው ገንዘብ የት ይግባ ካላችሁኝ መልሴ የትከሻ ቀበቶ ነው። ለፊት ወንበሮች ግዴታ የሆነው ከጁላይ 18 ቀን 1978 በኋላ በተሠሩት ላይ ስለሆነ ብዙ አሮጌ አውሮፕላን ዛሬም የወገብ ቀበቶ ብቻ ይዞ ይበራል። ቀጥሎ የወንበሩ ሐዲድ። በሴስና ላይ መቆለፊያው ፒን ካመለጠ ወንበሩ ልክ በመነሻ ሰዓት ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ አብራሪው መሪውን እንደጨበጠ አብሮ ይሄዳል፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይቀናል። ሰው ሞቶበታል፤ ኤ.ዲ.ም ወጥቶበታል።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ከአንድ 172 ተነቅሎ የተጣለ ሐዲድ ነው። ቀዳዳዎቹ ክብ መሆን ነበረባቸው፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን በጣታችሁ ዳስሱ፣ ወደ ኋላ ሞላላ ሆነዋል። እየተቀባበላችሁ እዩት፤ እኔ እስከዚያው ጥያቄ እቀበላለሁ።