የቤት ልሳንና የትምህርት ቤት ልሳን



በምዕራብ ሸዋ፣ በጅባት ወረዳ፣ በሸነን ገጠር የሚወለድ ሕፃን ከእናቱ ጡት ጋር የሚጠባው ልሳን ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን በገበያና በመሥሪያ ቤት ይሰማል፤ እንግሊዝኛን ግን ከመምህሩ አንደበትና ከመጽሐፉ ገጽ በቀር በሌላ ስፍራ እምብዛም አያገኘውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃው ግን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳቡንና ሳይንሱን በኦሮምኛ የተማረው ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ያው ዕውቀት በባዕድ ልሳን ተጽፎ ይጠብቀዋል። ፊደሉ እንኳ ያደናግረዋል፤ ኦሮምኛ በሚጻፍበት በቁቤ የ«ጥ»ን ድምፅ የሚወክለውን የላቲን ፊደል እንግሊዝኛው «ኤክስ» ብሎ ይጠራዋልና።

ስለዚህ በ9ኛ ክፍል ጥያቄ ቀርቦለት ዝም የሚለውን ተማሪ አእምሮው ደካማ ነው ብሎ መፍረድ ግፍ ነው። የአፍ መፍቻው ልሳን የማስተዋል መሠረት እንጂ ዕንቅፋት አይደለም፤ የሚያሻው፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የሳይንሱን ቃላት በሁለቱም ልሳናት ጎን ለጎን የሚያስተምር ትጉህ መምህር፣ እንዲሁም ተማሪው ጮክ ብሎ የሚያነበው መጽሐፍ ነው። ወላጆች ሆይ፣ እናንተም ተረቱንና ምሳሌውን በቤታችሁ ልሳን ከመንገር አትቦዝኑ፤ በአንዱ ልሳን ማሰብን የተማረ ልጅ ሁለተኛውን ለመቀበል የተሰናዳ ነውና።