«የዘር ነው» አትበሉ

ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የጣቢያችንን ስልክ የሚያጨናንቀው የልጆች የጤና ምርመራ ፎርም ነው። ሐኪሙ ልጁን ይመዝናል፣ ቁመቱን ይለካል፣ ከዚያ «ክብደቱ ከዕድሜው በላይ ነው» ይላል፤ እናት ትቆጣለች፣ ለእኛ ትደውላለች። ባለፈው ሳምንት ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወለች አንዲት እህት ግን የጠየቀችው ስለ ራሷ ልጅ አልነበረም። ጎረቤቷ የኤል ሳልቫዶር ሰው ናት። የጎረቤቷ የ12 ዓመት ልጅ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ተገኘበት። «ይሄ የትልቅ ሰው በሽታ አይደለም እንዴ? ወይስ ላቲኖዎቹ በዘራቸው ያለባቸው ነገር ነው?» አለችኝ። ዛሬ ልናገር ያዘጋጀሁት ስለ ክትባት ነበር። ክትባቱ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆየን።

ጭንቀቷ መሠረት አለው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 ባሰባሰበው መረጃ፣ ከ2 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የላቲኖ ልጆች 26.2 በመቶው ከልክ ያለፈ ውፍረት አለባቸው። በነጮቹ ልጆች ቁጥሩ 16.6 በመቶ ነው። በ2003 የወጣ አንድ ስሌት ደግሞ በ2000 አሜሪካ ውስጥ የተወለደች የላቲኖ ልጅ በዕድሜዋ ዘመን በስኳር የመያዝ ዕድሏን ከግማሽ በላይ አድርጎ ገምቶታል።

እንግዲህ የዘሩን ነገር እንየው። ዘር ምንም ድርሻ የለውም አልልም። በ2008 ዳላስ ላይ ተመራማሪዎች ጉበት ላይ ስብ እንዲከማች የሚያደርግ የዘረ መል ልዩነት አግኝተዋል፤ ይህ ልዩነት ከነጮችም ከጥቁሮችም ይልቅ በላቲኖዎች ዘንድ በብዛት ይገኛል። ነገር ግን ዘረ መል በአንድ ትውልድ አይለወጥም። አያትየዋ መንደሯ እያለች ያልያዛት በሽታ የልጅ ልጇን በ12 ዓመቱ ሲይዘው፣ ጥፋቱን ሁሉ በደም ላይ መጣል አይቻልም።

ለዚህ የማውቀው ጥሩ ማስረጃ ከላቲኖዎች ሳይሆን ከአሪዞና ነባር ሕዝብ ከፒማዎች የተገኘ ነው፤ ስኳር እጅግ የበዛባቸው ሕዝቦች ናቸው። በ2000 የታተመው ጥናት ወንድማማቾችንና እህትማማቾችን አነጻጸረ። እናታቸውን ስኳር ሳይይዛት በፊት የተወለዱትን፣ ከያዛት በኋላ ከተወለዱት ጋር ማለት ነው። እናት አንድ፣ አባት አንድ፣ ቤት አንድ። በኋላ የተወለዱት ለስኳርም ለውፍረትም ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። አባትየው ከመታመሙ በፊትና በኋላ የተወለዱት ሲነጻጸሩ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ልብ በሉ፤ ዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ በፊት በተወለዱትና በኋላ በተወለዱት መካከል ልዩነት ባልታየ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ማህፀን ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። የእናት ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ የእናት ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ የፅንሱ ቆሽት ያን ሁሉ ስኳር ለመቋቋም ራሱ ብዙ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊን ደግሞ ስብ ያከማቻል። «አምስት ኪሎ ወለድኩ» ብላችሁ የምትኮሩ እህቶች፣ አትቀየሙኝ፣ አንዳንዴ ያ ኪሎ ማንም ያልለካው የእርግዝና ስኳር ነው።

አሁን ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ፤ አዘጋጁ ሰዓቱን እያሳየኝ ነው፣ ግን ይህን ሳልናገር አላልፍም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳሊናስ የሚባል ሸለቆ አለ፤ ሰላጣና እንጆሪ የሚመረትበት። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1999 ጀምሮ 600 ያህል ነፍሰ ጡሮችን መዝግበው ልጆቻቸውን እስከ ጉልምስና ተከታትለዋል። አብዛኞቹ እናቶች ሜክሲኮ የተወለዱ፣ የእርሻ ሠራተኛ ቤተሰብ ናቸው። ከልጆቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገና አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ክብደታቸው ከልክ በላይ ነበር። እኔን የገረመኝ ግን የእናቶቹ ደም ነው፤ ዲዲቲ ተገኘበት። አሜሪካ ዲዲቲን በ1972 አግዳለች። ሜክሲኮ ግን ወባ ለመከላከል እስከ 2000 ድረስ ትረጭ ነበር፤ ሴቶቹ ድንበር የተሻገሩት በሰውነታቸው ስብ ውስጥ ይዘውት ነው። በ12 ዓመታቸው ሲታዩ፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ወቅት ብዙ ዲዲቲ የነበረባቸው ወንዶች ልጆች ይበልጥ ወፍረው ተገኙ፤ በሴቶች ልጆች ላይ ይህ አልታየም። ይህ ዝምድና እንጂ የተረጋገጠ መንስኤ አይደለም። ቆላ ያደግን ሰዎች፣ ቤታችን ሲረጭ ዕቃ እያወጣን ደጅ የዋልን፣ ወሬው ሩቅ አይመስለንም።

አሁን ደግሞ ሕፃናት በጡጦ ወደሚጠጡት ጁስ ልምጣ። ጁስ ፍራፍሬ አይደለም። በዚህ ጣቢያ ስንቴ እንዳልኩት እናንተ ታውቃላችሁ። «መቶ በመቶ» የሚል ቢጻፍበትም ፍራፍሬ አይደለም። አንድ ኩባያ የብርቱካን ጁስ 20 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ የሚያደርገው አሠር ግን ተጨምቆ ቀርቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2017 ቁርጡን ተናግሯል፦ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጁስ የሚባል ነገር አይሰጥ፤ ከ1 እስከ 3 ዓመት ቢበዛ በቀን ግማሽ ኩባያ፣ እሱም በጡጦ አይደለም።

ወደምሠራበት ክሊኒክ አንዲት የሳልቫዶር አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሕፃኑ ዓመት አልሞላውም፣ ጡጦው ውስጥ የአፕል ጁስ። በተሰባበረ ስፓኒሽ ልገሥጻቸው ስጀምር ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ በአገራቸው ጦርነት ጊዜ ስለነበረው ረኃብ ነገሩኝ፤ ቀድመው የሚሞቱት ቀጫጭኖቹ ሕፃናት ነበሩ አሉ። የእኛም እናቶች ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ልጅ ሲከሳ ልባቸው የሚርደው ለዚሁ ነው። ስለዚህ አያትየዋን «አላዋቂ» ብላችሁ እንዳትስቁ። ረኃብ ያየ ሰው ጠገበ ብሎ አያምንም። እኔም ጡጦውን አልቀማኋቸውም፤ ጁሱ ቀርቶ የእናቱን ወተት አብዙለት፣ የበሰለ ባቄላና አቮካዶ ፈጭታችሁ አብሉት፣ ይወፍራል አልኳቸው። በደንብ የሚበላ ልጅ ማየት ነበር የፈለጉት።

ደግሞም ጁሱን ቤታቸው ያስገባው መንግሥት ነበር። ዊክ የሚባለው የእናቶችና ሕፃናት ምግብ ድጎማ፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ለዓመታት ለሕፃናት ጭምር ጁስ ያድል ነበር። በ2009 የሕፃናቱን ጁስ አስቀረ፣ የትልልቆቹን ቀነሰ፣ አትክልትና ፍራፍሬ መግዣ ጨመረ። በዊክ ከታቀፉት ከ2 እስከ 4 ዓመት ልጆች መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት በ2010 15.9 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 13.9 በመቶ ሆኑ። ለውጡን ሁሉ ያመጣው ጁሱ ነው አልልም። ዘራቸው ግን በስድስት ዓመት አልተለወጠም።

ሰዓቴ አለቀ፤ ምክሩን ላፋጥነው። ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር ምርመራው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ነው። ለምርመራው የሚሰጠው ጣፋጭ መጠጥ ያቅለሸልሻል፣ ግን ጠጡት። የእርግዝና ስኳር የተገኘባችሁ ደግሞ ከወለዳችሁ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሳችሁ ተመርመሩ፤ «ከወለድኩ በኋላ ጠፋ» ብላችሁ አትቅሩ። ጡት ማጥባት ለእናትም ለልጅም የስኳርን አደጋ ይቀንሳል። ጁስ ፍራፍሬ አይደለም፣ ብያለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ብዙ የላቲኖ እናቶች፣ ከእኛም ውስጥ ያሉ፣ ወረቀት የለኝም ብለው ለእርግዝና ክትትል አይሄዱም። ሜሪላንድ ውስጥ ከሐምሌ 2023 ወዲህ፣ ወረቀት ባይኖራትም ገቢዋ ዝቅተኛ የሆነ ነፍሰ ጡር በመንግሥት የጤና መድን በሜዲኬይድ ትታያለች፤ ከወለደች በኋላም እስከ አራት ወር። የማታውቅ ጎረቤት ካለቻችሁ ዛሬውኑ ንገሯት።